ያልዞረልን ሒሳብ

ሒሳብ የተማረ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ገጹ ሲሞላ ከወጪ ቀሪው ወደሚቀጥለው ገጽ ይዞራል። መዝገቡ ቢቀየር ይዞራል፣ በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቢዘጋ ይዞራል፣ ገንዘብ ያዡ ጡረታ ቢወጣ ይዞራል፣ ኃላፊው በግምገማ ቢነሣ ይዞራል። ሐምሌ 1 ቀን አዲስ መዝገብ ከፍቶ "ካለፈው ዓመት የዞረ" የሚለውን መስመር ባዶ የተወ ሒሳብ ሠራተኛ ኦዲተር ሲመጣ ምን እንደሚገጥመው እኛም እናውቃለን፣ መምህሮቻችንም ያውቃሉ፤ ያስተማሩን እነሱ ናቸውና። ታዲያ ይህንኑ የሚያስተምረው የአካውንቲንግ ትምህርት ክፍል፣ እኛ ኮሌጅ ተቀምጠን ያጠራቀምነውን ክሬዲት ይዘን በሩ ላይ ስንቆም፣ "እሱን እርሱት፣ ከአንደኛ ዓመት ጀምሩ" ይለናል። ለብር የሚዞረው ሒሳብ ለሰው አልዞር አለ።

እኛ ማለት እነማን እንደሆንን ለማያውቅ እንናገር። ከግሸን አምባ ሥር እስከ ውጫሌ፣ ከውጫሌ እስከ ሐይቅ ያለን ሰዎች ነን። የወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሒሳብ ሠራተኛ፣ የገቢዎች ደረሰኝ ቆራጭ፣ የትምህርት ቤት ገንዘብ ያዥ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ጸሐፊ፣ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ስንቆርጥ የምንውል የንብረት ክፍል ሰዎች። ሁላችንም ወረቀት አለን። አንዳንዶቻችን የዐሥር ሲደመር ሦስት ዘመን ፍሬዎች ነን፣ አንዳንዶቻችን ሌቭል ፎር ነን፣ አንዳንዶቻችን ዲግሪ ጀምረን በጦርነቱ ወይም በኪሳችን ምክንያት ያቋረጥን ነን። የሥራ መደቡ መስፈርት ግን "በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ" ይላል። ፔይሮል ስንሠራ ዐሥር ዓመት ከኖርን በኋላ ዲግሪ የያዘ ልጅ ይመደብና አለቃችን ይሆናል፤ በመጀመሪያው ሳምንት የሚጠይቀንም "ፔይሮል እንዴት ነው የሚሠራው?" ብሎ ነው። እኛም እናሳየዋለን። ልጁ ምን አጠፋ!

ስለዚህ ዲግሪያችንን ለመጨረስ ደሴ እንወርዳለን። ምዝገባው አብዛኛውን ጊዜ መስከረም ላይ ይውላል፤ መስከረም ደግሞ በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ የቆየ ያውቀዋል። መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ነው፤ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ግማደ መስቀሉ የገባበት፣ ቅርጹም መስቀለኛ የሆነው አምባ። አገር ምድሩ ከአዲስ አበባውም፣ ከጎንደሩም፣ ከባሕር ማዶውም ተጠራርቶ ሽቅብ ይተማል። በዚያው ሳምንት እኛ ብቻ ዶሴ ታቅፈን ቁልቁል እንሄዳለን። ተሳላሚ አውርዶ የሚመለሰው ሚኒባስ እንኳ ታሪፉን እጥፍ ያደርግብናል። ለምን ሲባል "ባዶዬን እኮ ነው የምመለሰው" ይላል ሾፌሩ፤ እኛ ከኋላው በአራት በአራት ተደርድረን ተቀምጠን።

ደሴ ደረስን እንበል። ሬጅስትራር መስኮት ፊት ተሰለፍን እንበል። ጣጣው ከስም ይጀምራል። ሌቭል ፎር ስንማር የሙያው መጠሪያ "አካውንትስ ኤንድ በጀት ሰርቪስ" ነበር። ስሙን ያወጣነው እኛ አይደለንም፤ ቢጠይቁን ኖሮ ባጭሩ "ሒሳብ" በሉት እንል ነበር። ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው ደግሞ "አካውንቲንግ ኤንድ ፋይናንስ" ነው። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ታስቀምጥና አንገቷን ትነቀንቃለች።

"ጋሼ፣ ፊልዱ እኮ አይገናኝም።"

"እታለም፣ የተማርነው ዴቢትና ክሬዲት ነው።"

"ቢሆንም ይኼ በጀት ይላል።"

"በጀት ከሒሳብ ውጭ ምን አለው የኔ እመቤት?"

"እሱን ዲፓርትመንት ይጠይቁ።"

ዲፓርትመንት እንሄዳለን። ዲፓርትመንት "ይኼ የሬጅስትራር ጉዳይ ነው" ይላል። ሬጅስትራር "ዲን ይምራበት" ይላል። ዲኑ ስብሰባ ላይ ናቸው። ዲኑ ከስብሰባ ሲወጡ ጸሐፊዋ ምሳ ላይ ናት። ጸሐፊዋ ከምሳ ስትመለስ መብራት የለም። መብራቱ ሲመጣ ዓርብ ነው። ዓርብ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ማንም ሰው ምንም እንደማይፈርም ይህን የምታነቡ ሁሉ ታውቃላችሁ።

የስሙ ነገር በሽምግልናም በልመናም ቢያልፍ የውጤቱ ይመጣል። ቴክኒክና ሙያ ተምሮ የጨረሰ ሰው የብቃት ምዘና ይወስዳል፤ ሲኦሲ የምንለውን። ምዘናውን ያለፈ "ብቁ" ይባላል፣ ያላለፈ "ገና ብቁ ያልሆነ" ይባላል። እኛ ብቁ ተብለናል። መንግሥት ራሱ፣ በማኅተም፣ ብቁ ናችሁ ብሎናል። ዩኒቨርሲቲው ይህን ወረቀት ካላሳያችሁኝ አልመዘግብም ይላል፤ እሺ ብለን እናቀርባለን። ከዚያ ኮርስ እንዲያዝልን ስንጠይቅ ያንኑ ወረቀት መልሰው እየሰጡን "ይኼ ግሬድ የለውም" ይሉናል። ብቁ ኤ ነው? ብቁ ቢ ነው? የሚያዘው ሲ እና ከዚያ በላይ የመጣበት ኮርስ ብቻ ነው፤ ብቁ ከሲ ይበልጥ ወይም ያንስ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ግን በግቢው ውስጥ አልተገኘም። ያለ ሲኦሲ አንገባም፣ በሲኦሲ ግን ምንም አይቆጠርልንም። በሩን የሚከፍት ቁልፍ ተሰጥቶን፣ ከገባን በኋላ የምንቀመጥበት ወንበር የለም።

ፎርሙን ስንሞላ ደግሞ "የ12ኛ ክፍል ውጤት" የሚል ባዶ ቦታ ያጋጥመናል። እኛ ዐሥረኛ ክፍል ተፈትነን ወደ ቴክኒክና ሙያ የተመደብን ሰዎች ነን። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ነው፤ ከዚያ በፊት የእኛ ቢጤ ብዙ ሰው በዚያ በር ነው ያለፈው። ያልተማርነውን 12ኛ ክፍል ከየት እናምጣው? ባዶ ከተውነው ፎርሙ አልተሟላም ይባላል። "የለም" ብለን ከጻፍን "ምን ማለት ነው?" ይባላል።

ቀጥሎ ምን ይመጣል? "የኮርስ አውትላይን አምጡ።" ጥያቄው ፍትሐዊ ነው፤ ኮርሱ ምዕራፍ በምዕራፍ ካልታየ የአንዱ ኮሌጅ ትምህርት ከሌላው ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል በምን ይታወቃል? ግን ወገኖቼ፣ ከመካከላችን የኮርስ አውትላይን ያስቀመጠ ማን ነው? መምህሩ በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳ ላይ ጽፎት አጥፍቶታል። ሞጁሉን ለታናሽ ወንድማችን ሰጥተነዋል፤ ታናሽ ወንድማችን ለጎረቤት ልጅ ሰጥቶታል፤ የጎረቤት ልጅ የት እንዳደረገው ፈጣሪ ይወቅ። ኮሌጁ ጋ እንዳንሄድ አንዱ ስሙን ቀይሯል፣ አንዱ ከሌላ ኮሌጅ ጋር ተቀላቅሏል፣ አንዱ በኮሌጆች ዳግም ምዝገባ ጊዜ ጨርሶ ተዘግቷል። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ ጦርነቱ ከወልድያ አልፎ ውጫሌን፣ ሐይቅን፣ ደሴን፣ ኮምቦልቻን ሲያዳርስ የወሎ ዩኒቨርሲቲን ያህል ተቋም ተዘርፏል፤ የትንንሾቹ ኮሌጆች መዝገብ ቤትማ ምን ሊተርፈው! ኮምፒውተሩ ተወስዷል፣ ካዝናው ተሰብሯል፣ ዶሴው ወለል ላይ ተበትኖ ተረግጧል።

ይህን እናስረዳለን። የሬጅስትራር ኃላፊው በትዕግሥት ይሰሙናል። ደግ ሰው ናቸው፤ ሐቁን መናገር ያስፈልጋል። ከሰሙን በኋላ እንዲህ ይላሉ፦ "ይገባኛል። እንግዲያው መዝገቡ እንደሌለ ከኮሌጁ ማረጋገጫ ደብዳቤ ይምጣ።" ኮሌጁ ተዘግቷል እንላለን። "እሱንም መዘጋቱን ኮሌጁ ይጻፍልን።" 

መዝገቡ የተረፈለት ዕድለኛም ቢሆን አላመለጠም። እሱን የሚጠብቀው የሰዓቱ ስሌት ነው። መጀመሪያ በክሬዲት ሀወር ተማርን። ከዚያ በ2005 አካባቢ ትምህርቱ በሞጁል ይሁን ተብሎ ኢሲቲኤስ የሚባል መጣ፤ 3 ክሬዲት ሀወር የነበረው ኮርስ 5 ኢሲቲኤስ ሆነ። ከዚያ ደግሞ ሞጁሉ ቀርቶ ክሬዲት ሀወር ተመለሰ። በመሐል የተማረ ሰው ትራንስክሪፕቱ በግማሹ አንዱን፣ በግማሹ ሌላውን ይናገራል። ሲያስተካክሉት 5ቱ ኢሲቲኤስ አንዴ 3 ይሆናል፣ አንዴ 2 ከምናምን ይሆናል፣ "ከምናምኑ" ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይጠጋጋም። የሚያስቀው እዚህ ላይ ነው፤ ኢሲቲኤስን አውሮፓውያን እንደ እነሱ አቆጣጠር በ1989 ያመጡት ተማሪ ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው ሲዛወር ትምህርቱ እንዳይባክንበት ነው። የቦሎኛ ልጅ ሻንጣውን ይዞ በርሊን ሲሄድ እንዲያዝለት የተሠራ ዘዴ እኛ ዘንድ መጣና ከአምባሰል ደሴ መሻገር አቃተው።

እሱንም አለፍን እንበል። "የተማራችሁት አርጅቷል" ይባላል። ነገሩ እውነትነት አለው። የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847 በ2006 ወጣ፤ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ተቋቋመ፤ አገሪቱ ወደ ዓለም አቀፉ የሪፖርት ደረጃ፣ ወደ አይኤፍአርኤስ፣ ገባች። ደግ አደረገች። እኛ የተማርነው በድሮው ነው ተብሎ ከፍ ያሉት የፋይናንሺያል አካውንቲንግ ኮርሶች ቢቀሩብን አፋችንን ይዘን እንደግማለን። ግን ፕሪንሲፕልስ ኦፍ አካውንቲንግ አንድን! ዴቢት በግራ፣ ክሬዲት በቀኝ የሚለውን! ጣሊያናዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ የሁለትዮሽ ምዝገባን አስረድቶ ቬኒስ ላይ ያሳተመው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1494 ነው፤ በዚያው ዓመት አፄ ናኦድ ነገሡ፤ የነገሡትም የነገሥታት ዘር ይታገትበት ከነበረው ከዚሁ ከግሸን አምባ ወርደው እንደሆነ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ስንት ንጉሥ አልፏል፣ ስንት መንግሥት ተቀይሯል፣ ዴቢት ግን ወደ ቀኝ አልዞረም። እኛ በተማርንበትና በዛሬው መካከል ባሉት ጥቂት ዓመታት ምን ተገኝቶ ነው እንደገና የምንማረው?

ደግሞስ እኛ የምንሠራበት ወረዳ አይኤፍአርኤስ አይጠቀምም። የመንግሥት ሒሳብ የሚያዘው ሞዲፋይድ ካሽ በሚሉት ዘዴ ነው። ይህን ለመምህሩ ብንነግራቸው ፈገግ ብለው "እሱ ሌላ ነው" ይላሉ። ሌላ ከሆነ እንግዲህ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እሮሮ እንምጣ። በ2012 የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት፣ ፍሬሽማን፣ ተመልሶ መጣ፤ የዲግሪው ዘመንም ከሦስት ወደ አራት ዓመት ረዘመ። ለ18 ዓመት ልጅ ይህ መልካም ነው፤ ከየገጠሩ መጥቶ ጥቂት ሳይኮሎጂ፣ ጥቂት ታሪክ፣ ጥቂት ሒሳብ ቢቀምስ ማን ይጠላል? እኛም ግን ከኮሌጅ ስንሻገር "እነዚህን አልወሰዳችሁም" ተባልን። እናም እንወስዳለን። ፊዚካል ፊትነስ እንወስዳለን። ሦስት ልጅ የወለደች፣ የልጅ ልጅ ለማየት የተቃረበች ገንዘብ ያዥ ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ላይ ቆማ ዝላይ ትዘላለች፤ ይህች ሴት ከአምባው ሥር ተነሥታ አስፋልቱ ድረስ በእግሯ መጥታ፣ ዶሴዋን ይዛ፣ ሚኒባስ ተጋፍታ የመጣች ናት። አስተማሪው ልጅ እግር ነው፣ "እማማ፣ ትንሽ ይንቀሳቀሱ፣ ለጤናዎ ነው" ይላታል። ኮርሱ ደግሞ ከነጥብ አይቆጠርም፤ ማለፍና መውደቅ ብቻ ነው ያለው።

የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ እንወስዳለን። ስለ ከፍታ ቦታዎች አየር ጠባይ በእንግሊዝኛ ይነገረናል፤ የግሸንን ውርጭ ጉልበታችን ያውቀዋል። የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ እንወስዳለን። ስለ ውጫሌ ውል ይጠየቃል። ውጫሌ ተወልዶ ያደገ፣ ቢሮው ውጫሌ የሆነ ወንድማችን ሚያዝያ 25 ቀን 1881 የሚለውን ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ወደ ፈረንጅ ሲለውጠው ቀኑ አመለጠውና ጥያቄውን ሳተ። ሲመለስ ማንም እንዳይሰማ ብሎ የነገረን ለእኛ ብቻ ነው፤ አሁን ሁላችሁም ሰማችሁ። ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ እንወስዳለን፤ ስለ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ምዕራፍ አለው፤ ምዕራፉ የሚነበበው መብራት በሌለበት ክፍል፣ ፎቶ ኮፒው በደበዘዘ ሃንድአውት ላይ ነው። ኢንተርፕረነርሺፕ እንወስዳለን፤ ከመሐላችን በየንግሡ ጧፍና ዕጣን ሸጣ፣ ከዚያ ድንች ቅቅል ጨምራ፣ ከዚያ ለተሳላሚ አልጋ አከራይታ ቤት የሠራች አለች፤ ሲ ፕላስ አገኘች። ሎጂክም እንወስዳለን። ሎጂኩን ግን ሬጅስትራር መስኮት ፊት ከመቆማችን በፊት ቢያስተምሩን ይሻል ነበር።

ገንዘቡን አናንሣው። በክሬዲት ሀወር ነው የምንከፍለው፤ የተማርነውን ስንደግም ሁለት ጊዜ እንከፍላለን፤ ይህን ለማስላት ዲግሪ አያስፈልግም።

ስለ ታሸገው ፖስታ ግን ጥቂት ካልተናገርን ያንቀናል። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለባለቤቱ በእጅ አይሰጥም፤ ከተቋም ወደ ተቋም ነው የሚላከው። ሕጉ ይህ ነው፣ ምክንያትም አለው። ፖስታ ቤት ግን አይታመንም፣ መልእክተኛ የለም፤ ስለዚህ ለባለቤቱ በእጅ ይሰጠዋል። በታሸገ ፖስታ፣ ማኅተም በአራቱም ጫፍ ተመቶበት፣ "እንዳትከፍተው" ተብሎ። የራሳችንን ውጤት የያዘውን ወረቀት እንዳናየው በብብታችን ይዘን እንጓዛለን። ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል እንጠቀልለዋለን። ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሰው ቢቀመጥበትና ጠርዙ ቢታጠፍ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የለም። ስናደርሰው ደግሞ ተቀባዩ አገላብጦ አይቶ "ማኅተሙ ደብዝዟል" ይላል። ማኅተሙን የመታነው እኛ አይደለንም። ማኅተሙ የደበዘዘው የማኅተሙ ቀለም ስላለቀ ነው፤ የማኅተሙ ቀለም ያለቀው ግዥ ስላልተፈጸመ ነው፤ ግዥው ያልተፈጸመው በጀት ስላልተለቀቀ ነው። ይህን ሰንሰለት ከእኛ በላይ የሚያውቀው የለም፤ በየቢሯችን ለቀለም መግዣ የሚቀርበውን ጥያቄ የምንመልሰው እኛው ነን።

እንዲሁም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ያቋረጠ ካለ ኮስት ሼሪንጉ ሳይከፈል ማስረጃው አይወጣለትም። የሌላውን ሰው ኮስት ሼሪንግ በየወሩ ከደመወዙ ቆርጠን ገቢ የምናደርግ ሰዎች የራሳችን የት ዶሴ ውስጥ እንዳለ እናጣዋለን።

"ለምን ትመላለሳላችሁ፣ ኦንላይን አመልክቱ እኮ!" የሚለን ሰው አይጠፋም። የሚለን አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ነው። በክልላችን ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜም እንዲሁ ሲለን ነበር፤ ያለን በስልክ ነው፣ ስልኩም መሐል ላይ ተቋረጠ። ኢንተርኔቱ ከተመለሰ በኋላ ሞክረናል። ፎርሙ ከተሞላ በኋላ ትራንስክሪፕቱን ስካን አድርጋችሁ አያይዙ ይላል። አያያዝን። "ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው" አለን። አሳነስነው። "አይነበብም" አለን። በመጨረሻ ተቀበለንና አንድ ቁጥር ሰጠን፤ ቁጥሩን ይዘን ደሴ ስንሄድ "ኦንላይን የሞላችሁትን ፕሪንት አድርጋችሁ አምጡ" ተባልን።

አሁን ለነሱም እንፍረድ። ሬጅስትራሮቹ የሚፈሩት በከንቱ አይደለም። ፎርጅድ ማስረጃ አገሪቱን አጥለቅልቋታል፤ ያልተማረው ዲፕሎማ፣ ያልተቀመጠበት ፈተና ውጤት፣ በኮምፒውተር ቤት የተሠራ ማኅተም ይዞ የሚመጣ ሞልቷል። ትምህርት በርቀት እንደ ቆሎ ይታደል በነበረበት ዘመን መንግሥት በ2002 ነሐሴ ርቀት ትምህርቱን በሙሉ አግዶት እንደነበር አንዘነጋም፤ እገዳው በኋላ ቢላላም ጥርጣሬው አልላላም። አንድ የተሳሳተ ማስረጃ ያሳለፈ ሠራተኛ ይጠየቃል፤ መቶ ትክክለኛ ማስረጃ የመለሰ ግን አይጠየቅም። እንዲህ ከሆነ እሱም እንደኛ ሰው ነው፤ እንጀራውን ይወዳል፣ "አይሆንም" ማለት ይቀለዋል። ፎርጅድ የያዘው ሰው ደግሞ የኮርስ አውትላይኑንም አብሮ አሠርቶ ስለሚመጣ ምንም አይጎድለውም። የሚጎድለው ሁልጊዜ ለእውነተኛው ነው።

ጥርጣሬውን የሚያስወግድ ነገር ቢጠፋ ኖሮ እንረዳ ነበር። ግን አለ። ከ2015 ሐምሌ ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ ከ50 በመቶ በታች ካመጣ ዲግሪውን አይይዝም። አካውንቲንግም እንደዚያው። የመንግሥትና የግል፣ መደበኛና የቅዳሜና እሑድ ተማሪ ሳይለይ፣ ጥያቄው ለሁሉም አንድ ነው። ኮሌጅ የተማርነው ኮርስ ውኃ ከሆነ እዚያ ይታያል፤ ወድቀን እንመለሳለን። መውጫው ላይ እንዲህ ያለ ወንፊት ተዘርግቶ መግቢያው ላይ ደግሞ ፕሪንሲፕልስ ኦፍ አካውንቲንግን ለሁለተኛ ጊዜ ማስቀመጥ ለምን አስፈለገ? ለዚህ ጥያቄ አንድም ሰው ተቆጥቶ አልመለሰልንም፤ አንድም ሰው ደግሞ አልመለሰልንም።

ነገሩ ሌላ አገር ያልተፈታ እንቆቅልሽ ቢሆን ችግራችንን ችለን በተቀመጥን። ቨርጂኒያ ያለች የእኅታችን ልጅ መጀመሪያ የገባችው ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው፤ ሁለት ዓመት በርካሽ እዚያ ተምራ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ሁለቱ ተቋማት አድቫንስ የሚባል ስምምነት አላቸው፤ የትኛው ኮርስ ለየትኛው እንደሚያዝ ገና ኮሌጅ ሳትገባ ተጽፎ ተሰጥቷታል። የታሸገ ፖስታ ታቅፋ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ስትመላለስ አላየናትም። እኛም ዘንድ ድሮ እንዲህ ያለ ነገር ነበር፤ በ1935 የተከፈተው የአዲስ አበባ ኮሜርስ ዲፕሎማ ባንክ ቤት በኩራት ያስቀጥር ነበር፣ ዲፕሎማ ይዞ በአድቫንስድ ስታንዲንግ ዲግሪ የቀጠለ ታላቅ ወንድምና አጎትም በየቤቱ አለ። እነሱ ሲሻገሩ የተራመዱበት ድልድይ መቼ እንደፈረሰ የነገረን የለም።

የምንለምነው ብዙ አይደለም። ሁሉንም ኮርስ ያዙልን አላልንም፤ ያረጀውን እንደግማለን፣ ፊዚካል ፊትነሱንም እንዘላለን። ግን እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ትምህርት ክፍል ከሌቭል ፎር የትኛውን ኮርስ እንደሚይዝ፣ ከዐሥር ሲደመር ሦስት የትኛውን እንደሚይዝ፣ ዲግሪ ጀምሮ ካቋረጠ ሰው የትኛውን እንደሚይዝ፣ የትኛውን ደግሞ እንደማይይዝ በአንድ ገጽ ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍልን። መዝገቡ በጦርነት ለጠፋበት ሰው ምን እንደሚደረግም አንድ መስመር ይጨመርበት። የሚለጠፈውም የምዝገባ ክፍያ ከመክፈላችን በፊት ይሁን፤ ቢቻል ከመስከረም 21 በፊት፣ ታሪፉ ሳይጨምር።